ጠረጴዛዬ ሞልቷል፤ ልቤ ግን አላረፈም

ይድረስ ለተከበሩ አማካሪያችን፣

እንደምን ከርመዋል? ዓምድዎን በየሳምንቱ አነባለሁ። የሌላውን ሰው ጭንቀት ሳነብ የራሴ ቀለል ይለኛል ብል አይፍረዱብኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ነገሩን ሲሰሙት ይስቁ ይሆናል፤ እኔንም ስጽፈው አንዳንድ ቦታ ያስቀኛል።

34 ዓመቴ ነው። በአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አምና አራት ነበርን። አንዷ አግብታ ውጭ አገር ሄደች፤ አንዱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ለቀቀ። በቦታቸው ሰው አልተቀጠረም። አሁን የቀረነው እኔና ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው አንድ ጋሼ ነን። ማታ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት መውጣት ልማዴ ሆኗል። ሰኔ ደግሞ እየመጣ ነው፤ የሒሳብ መዝጊያ ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

አንድ ቀን ለወንድሜ በስልክ "ጭንቀት ሊገድለኝ ነው" አልኩት። እሱ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የሌሊት ሥራ ነው የሚሠራው። ብዙም ሳይቆይ በሰው እጅ የሚጨበጥ የጎማ ኳስ ላከልኝ። "ሲጨንቅሽ እሱን ጭመቂው" አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ይልካል። በክር የተንጠለጠሉ አምስት የብረት ኳሶች እርስ በርስ የሚጋጩበት መጫወቻ፣ ጥርስ ባላት ትንሽ የእንጨት ማበጠሪያ መስመር የሚሰመርባት የአሸዋ ሳጥን፣ የአሸዋ ሰዓት፣ ቀለሙን እየቀያየረ እንፋሎት የሚተፋ መብራት፣ በጣት የሚሾር ስፒነር፣ በመጨረሻም "ተንፍሺ" እያለ የሚንቀጠቀጥ የእጅ ሰዓት። የሥራ ባልደረቦቼ ጠረጴዛዬን "መርካቶ" ብለው ሰይመውታል።

ከሁሉም የአሸዋ ሳጥኗን እወዳታለሁ። ጠዋት ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ መስመር አሰምርባታለሁ። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛችን የተደፋ ቆሻሻ መስሏት አሸዋውን ጠርጋ ጣለችው። ነገሩን ሳስረዳት በጣም ደነገጠች። ከደረጃው ሥር ቡና የምታፈላውም እሷው ናት፤ ከራሷ ሲኒዎች አንዱን ይዛ ወጣችና ከአጠገባችን ከሚሠራው ሕንፃ አሸዋ ቀድታ መጣች። ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅማ ሳጥኗን ሞላችልኝ።

ጠቡ የመጣው ከብረት ኳሶቹ ነው። ጋሼ "ይህ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ቁጥር ያሳስተኛል" ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የባንክ ሒሳብ አልታረቅ ብሎኝ ኳሶቹን ደጋግሜ ስለቅ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በመዳፋቸው ያዟቸው። እኔም "የእርስዎን ሥራ ጭምር እየሠራሁ ይችን መቻል አቃተዎት?" አልኳቸው። የሽያጭ ክፍል ሰዎች ሁሉ ይሰሙ ነበር። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ምንም ሳይመልሱ ተመልሰው ተቀመጡ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ "ቢሮ የሕፃናት ማቆያ አይደለም፤ እስከ ሰኞ ጠረጴዛሽን አጽጂ" አለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለመጫወቻ ማልቀሴ ደግሞ አሳፈረኝ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቼ የማስበው ያልገባ ደረሰኝ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ቡና መውረድ ካቆምኩ ወራት አልፈዋል፤ ጊዜ የለኝም። በቢሮው ውስጥ የእኔ የምላቸው እነዚህ ዕቃዎች ብቻ ናቸው። ሕፃንነት ነው? ሁሉንም ላንሣ ወይስ ልሟገት? ወንድሜ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ውኃ የሚያፈስ ትንሽ ፏፏቴ ሊልክልኝ ነው፤ እሱንስ ምን ልበለው?

ባለ አሸዋዋ ነኝ፣ ከመገናኛ

—

ውድ ባለ አሸዋዋ፣

በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም፤ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። በሲኒ ስለመጣው አሸዋ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። ያለቀስሽው ለመጫወቻ አይመስለኝም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን "ሕፃንነት ነው?" ያልሽውን ልመልስልሽ፤ እሱ እየከነከነሽ ሌላው ነገሬ አይሰማሽም።

አይደለም። እጅ ሥራ ሲያገኝ ልብ እንደሚረጋ የአሜሪካ ነጋዴዎች ከማወቃቸው በፊት እናቶቻችን ያውቁታል። እናቴ ማታ ማታ እንዝርት ታሾር ነበር። ጭንቀቷን ልታስታግስ ብላ አልነበረም፤ ነጠላ ስለሚያስፈልገን ነው። ሆኖም ጥጡ በጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ሲወርድ ግንባሯ ይፈታል፣ ትንፋሿ ይረዝማል። የሰበርነው ዕቃ ካለ፣ የወደቅንበት ፈተና ካለ፣ የምንነግራት ያችን ሰዓት ጠብቀን ነበር። አባቶች መቁጠሪያ ሲቆጥሩ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ተስቢህ ሲገፉ ያለውን እርጋታም አይተሽው ታድጊያለሽ። ያ ጸሎት ነው፤ ከመብራትና ከስፒነር ጋር አንድ ረድፍ ላይ አላስቀምጠውም። እጅና ትንፋሽ አብረው ሲሄዱ ሐሳብ እንደሚሰበሰብ ግን ያሳያል። ግሪኮች ደግሞ ኮምቦሎይ የሚሉት ዶቃ አላቸው፤ ጸሎት አይቆጥሩበትም፣ ቡና ቤት ተቀምጠው በጣታቸው ያንሸራትቱታል እንጂ። ሽማግሌዎቻቸው ናቸው የሚይዙት፤ ሥራ አስኪያጅሽ ቢያያቸው ምን እንደሚላቸው እንጃ።

ዕቃዎችሽ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። አጠገብሽ ተቀምጬ ብንለያቸው እንዲህ የምልሽ ይመስለኛል።

የአሸዋ ሳጥኗ ዘሯ ከጃፓን ነው። ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ሪዮአንጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። በግቢው ነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ ከበረንዳው ላይ የትም ብትቀመጪ 15ቱን በአንድ ጊዜ አታያቸውም፣ አንዱ ይደበቅብሻል። ጠጠሩን በመቧጠጫ መስመር ያስይዙታል፤ ዝናብና ነፋስ ያበላሸዋል፤ እንደገና ያሰምሩታል። ማንም "ጨረስክ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅበት ሥራ አይደለም። አንቺ ቀኑን ሙሉ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል የማይታረቅ ሒሳብ ላይ ነሽ፤ አሸዋው ላይ ግን የሚሳሳት ቁጥር የለም። የወደድሻት ለዚህ ይሆን? "ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ" ያልሽውም ደስ ብሎኛል። መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ፣ ድምፅ የሌለው፣ ማንንም የማይነካ ሁለት ደቂቃ ነው። እሷን አትጣያት። መሳቢያሽ ውስጥ ታድራለች፤ ጠዋት ትወጣለች፤ ሰው ሳይገባ ትመለሳለች። ሥራ አስኪያጁ ያለው ጠረጴዛሽን እንጂ መሳቢያሽን አይደለም።

የጎማ ኳሱንም አቆዪው፤ ግን አያያዝሽን እንቀይር። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሕመምተኞቹን ጡንቻቸውን እያጠበቁ እንዲለቁ ያሠለጥን ነበር። ቁም ነገሩ መልቀቁ ላይ ነው። ሰው ሲናደድ ኳሱን ይጨምቃል፣ ይጨምቃል፣ ከዚያ ወርውሮት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የላላውን እጁን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። አንቺ አምስት እስክትቆጥሪ አጥብቀሽ ያዢው፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ልቀቂና እጅሽ ሲከብድ፣ መዳፍሽ ሲሞቅ ዝም ብለሽ አስተውዪው። ሦስት ጊዜ ይበቃል። ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጋ ስትገቢ ይዘሽው ግቢ።

የአሸዋ ሰዓቱ ለጌጥ ከተቀመጠ ጥቅም የለውም። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ጥናቱ አልሰበሰብ ቢለው፣ ቲማቲም የሚመስል የማዕድ ቤት ደቂቃ መቁጠሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። 25 ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ እረፍት የሚለው ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። ከእኛ ቢሮ ጋር ሁልጊዜ አይሄድም፤ በ25ኛው ደቂቃ ላይ ደንበኛ ሊቆም፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። አምስቷን ደቂቃ ግን ስረቂያት። ሰዓቱን ገልብጪና ከወንበርሽ ተነሺ፤ አሸዋው እስኪያልቅ ድረስ አትቀመጪ።

እንፋሎት የሚተፋው መብራት ከደረሰኝና ከወረቀት አጠገብ ምን ይሠራል? ቤትሽ ውሰጂው። ስፒነሩን ለጎረቤት ልጅ ስጪው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያጥለቀለቀ ጊዜ በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች አግደውት ነበር፤ ትኩረት ይሰበስባል ተብሎ የተሸጠው ዕቃ የክፍሉን ሁሉ ትኩረት በተነው።

በ"ተንፍሺ" ባዩ ሰዓት ላይ የግል ቂም አለኝ። እኔም አንድ ተሰጥቶኝ ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ የሟች እናት እጄን ይዘው እያለቀሱ፣ ሰዓቱ ተንቀጥቅጦ ትንፋሼን እንድቆጥር አዘዘኝ። በማግስቱ ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ትንፋሽ ደግሞ ሰዓት አያስፈልገውም። አሁኑኑ የግራ እጅሽ አንጓ ላይ ሁለት ጣትሽን አኑሪና የደም ሥርሽን ምት ፈልጊ። አየር ስታስገቢ ምቱ ፈጠን፣ ስታስወጪ ዘግየት ይላል። በዝግታ ከተነፈስሽ ልዩነቱ ከጣትሽ ሥር ሊሰማሽ ይችላል። ስለዚህ ማስወጫውን አስረዝሚው፤ በአራት አስገቢ፣ በስድስት አስወጪ። ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ነው። ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ አሸዋሽን እያሰመርሽም ልታደርጊው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ጠበኞቹ ኳሶች። በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በኒውተን ስም ይጠሩ እንጂ ተንጠልጣይ ኳሶችን እያጋጨ የግጭትን ሕግ ያሳየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኤድም ማሪዮት የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የጠረጴዛ ጌጥ ሆነው፣ ስሙም ወጥቶላቸው መሸጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ስሙን ያወጣው ሳይመን ፕሬብል የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። አንዱን ጫፍ አንሥተሽ ስትለቂው በሌላው ጫፍ ያለው ይዘላል። የሚቆሙት ደግሞ ጉልበታቸው በድምፅና በሙቀት እየወጣ ስለሚያልቅ ነው። ጋሼ የሚሰሙት ቀጭታ እንግዲህ ያ የሚወጣው ጉልበት ነው። አንቺ የለቀቅሽው ስለሆነ ምቱን ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ ያረጋጋሻል። እሳቸው ግን መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያቆም አያውቁም፤ ቁጥር እየደመሩ ነው የሚደርስባቸው። ተሳስተዋል ልልሽ አልችልም። ኳሶቹ ወደ ቤት ይሂዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን መካከለኞቹን ሦስት ኳሶች እስቲ እያቸው። ምቱ ከአንድ ወገን ይመጣል፣ በሌላው ወገን ይወጣል፤ እነሱ ያልተነኩ ይመስላሉ። ሁሉም ምት ግን በእነሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ መሃል ያየሁሽ መሰለኝ። የሁለት ሰው ሥራ ከአንድ ወገን መጣ፤ በሌላው ወገን የተነሣው ቃል ጋሼን መታ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ዕቃዎቹ ከጻፍሽው ጋር ሲነጻጸር ስለ ሁለቱ ባዶ ወንበሮች ስንት መስመር ጻፍሽ? ቆጥሬዋለሁ፤ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ናት፤ "በቦታቸው ሰው አልተቀጠረም"። ያለ ቁጣ፣ ያለ "ለምን"። ይህን ጉዳይ ለሥራ አስኪያጁ በቃልም ሆነ በጽሑፍ አንሥተሽለት ታውቂያለሽ? ወይስ ሥራው በየቀኑ ስለሚያልቅለት የጎደለ ሰው መኖሩን ረስቶታል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ብዛት መዛልን በበሽታ ምድብ ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት ነው የገለጸው። የጠቀሳቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም መማረር፣ "ምንም አልረባም" የሚል ስሜት። መነሻው ሥራው ላይ ከሆነ መፍትሔውን ሁሉ ከአንቺ መዳፍ ብቻ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ወንድምሽ መቶ ኳስ ቢልክም የባንክ ማስታረቂያውን የሚሠራ ሦስተኛ ሰው አይሆንም።

ስለዚህ ለጠረጴዛው አትሟገቺ። ሰኞ ጠዋት አጽድተሽ ጠብቂው፤ ያ ጉዳይ በአንድ ቀን ይዘጋ። ሙግትሽን ለሚበልጠው ነገር አስቀምጪው። ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ገጽ ወረቀት ውሰጂና የምትሠሪውን ሁሉ ዘርዝሪ፤ ከጎኑ አምና ማን ይሠራው እንደነበር፣ አሁን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድብሽ ጻፊ። የሒሳብ ሰው አይደለሽ? በቁጥር ተናገሪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፈውም፤ ትርፍ ሰዓትንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ማታ እስከ ሦስት ሰዓት እየቆየሽ ከሆነ የሳምንቱን ጣሪያ ሳታልፊው አትቀሪም። የዓመት ፈቃድሽም አለ፤ የሥራ መሪ ካልሆንሽ በሰባት ዓመት አገልግሎት 19 የሥራ ቀን ይደርስሻል። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሽው? ሕጉን ፊቱ ላይ አንቺ አታንብቢለት፤ ብቻ እያወቅሽ ግቢ። የሚያውቅ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

ስትገቢ እንዲህ ብትዪው ምን ይመስልሻል? "ጠረጴዛውን አጽድቻለሁ። አሁን ስለ ሰኔ ልናገር። ይህ አራት ሰው ይሠራው የነበረ ነው፤ አሁን ሁለት ነን። ቢያንስ ለመዝጊያው ሁለት ወር ጊዜያዊ ሰው ይቀጠርልን፤ የማይቻል ከሆነ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የትኛው ቢዘገይ እንደሚሻል እርስዎ ይምረጡልኝ።" ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ኪስሽ ውስጥ ያለውን ኳስ ያዢው። "አስብበታለሁ" ካለሽ ቀን ቁረጪ፤ ያንኑ ቀን የተነጋገራችሁትን በሁለት መስመር ጽፈሽ ላኪለት። ምናልባት ምንም አይለወጥም። ያኔ ሌላ ቦታ ስለ ማመልከት ብታስቢ አልፈርድብሽም፤ ግን ጠይቀሽ ተከልክለሽ እንጂ ሳትጠይቂ አትውጪ።

ጋሼን በተመለከተ ቀድመሽ ያወቅሽው ይመስለኛል፤ "በአባቴ ዕድሜ ያሉ" ብለሽ ጽፈሻል። ቃሉ የወጣው ሽያጭ ክፍል እየሰማ ከሆነ ይቅርታውን ኮሪደር ላይ አታንሾካሹኪው፤ ቢያንስ ከሰሙት አንዱ ባለበት ይሁን። አጭር ይሁን፤ "ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።" "ግን" የምትል ቃል አትጨምሪበት፤ ይቅርታውን ትበላዋለች። ሌላው ነገር፣ "የእርስዎን ሥራ ጭምር እየሠራሁ" ያልሽው በንዴት የወጣ ቢሆንም ውስጡ እውነት ይኖረው ይሆን? ካለ ለምን ሆነ? ሒሳቡ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር አጠገባቸው ተቀምጦ ያስተማራቸው ሰው ነበረ? በእነዚያ ባዶ ወንበሮች መካከል የተቀመጡት እሳቸውም ናቸው፤ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው ደግሞ "አልቻልኩም" ማለት እንዴት እንደሚያስፈራ አስቢው። ሰላም ከወረደ በኋላ ዝርዝሩን አሳዪያቸውና "ከዚህ ውስጥ የትኛውን ብንካፈል ይሻላል?" በያቸው። የቆየ ሰነድ ፍለጋና የመጋዘን ቆጠራ ላይ ከአንቺ የሚፈጥኑ ቢሆኑ አይገርመኝም።

ወደ ወንድምሽ ስመጣ ትንሽ ሆዴ ተላወሰ። ሌሊት የሚሠራ ሰው፣ እረፍት ሲያገኝ ለእህቱ ጭንቀት ማስታገሻ ሲመርጥ ያድራል። እሱስ ስንት ሰዓት ይተኛል? ማንስ ጠየቀው? አንዳንዴ ሰው ለሌላው የሚገዛው ለራሱ የሚያስፈልገውን ነው። ፏፏቴውን እንዲተው ስትነግሪው "አያስፈልገኝም" ብቻ አትበዪው፤ እዚያ ያለ ሰው ከዚህ የሚያገናኘው የሚልከው ነገር ሲሆን፣ አትላክ ማለት አትድረስብኝ ይመስለዋል። "ቢሮ ስላልፈቀዱ ጠረጴዛው ሊነሣ ነው፤ አሸዋዋን ግን እስክናረጅ አልሰጥም" በዪው። የአሸዋውንና የሲኒውን ታሪክ ንገሪው፤ ይሳቅ። ከዚያ በፏፏቴው ፋንታ እሑድ እሑድ ግማሽ ሰዓት ጠይቂው። የሜሪላንድ ሰዓት ከእኛ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ አንቺ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ስትዪ ለእሱ ጠዋት ነው። በሚቀጥለው መንገደኛ ደግሞ አንቺ ላኪለት፤ ሽሮም ይሁን የተቆላ ቡና።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለሚቀሰቅስሽ ደረሰኝ፣ አልጋሽ አጠገብ ወረቀትና እርሳስ አኑሪ። ስልክ አይሁን፤ ስልክ ሌላ ነገር ያሳይሻል። "የእገሌ ደረሰኝ" ብለሽ በጨለማ ጻፊና ተመለሽ፤ ጠዋት አሸዋሽን አሰምረሽ ስትጨርሺ ታነቢዋለሽ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆጠረ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ ወይም ምግብ ካስጠላሽ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የደም ማነስም የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ጭንቀት መስለው ሊመጡ ይችላሉ፤ በደም ምርመራ ይለያሉ። መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያንኑ ቀን ለሰው ንገሪና ሆስፒታል ሂጂ፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ነው ያለው፣ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሐኪም ይገኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። "በቢሮው ውስጥ የእኔ የምላቸው እነዚህ ዕቃዎች ብቻ ናቸው" ብለሻል። በዚያው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ጠጠር አንድ በአንድ ለቅማ አሸዋ የሞላችልሽን ሴት ጽፈሽልኛል። ሁሉም ሰው "መርካቶ" እያለ ሲስቅ፣ ነገሩ ለምን እንደሚጠቅም ሳይገባት እንኳን የምትወጅው መሆኑ የገባት እሷ ናት። እና ከደረጃው ሥር ቡና ታፈላለች፤ አንቺ ደግሞ ጊዜ የለሽም። የአሸዋ ሰዓትሽን ሁለት ጊዜ ብትገለብጪው አንድ አቦል አያስጠጣም? ጋሼንም "ቡና እንውረድ" ብትያቸው ከይቅርታው በኋላ ያለውን መጀመሪያ ቀን ያቀልላችኋል።

ለመሆኑ አሸዋ የቀዳችበት ሲኒ ታጥቦ ተመለሰላት ወይስ እስካሁን ጠረጴዛሽ ላይ ነው?